ሰይፍ የያዘውን ደብተር አጸናው፦ የኦቶማን መንግሥት ልዩ ልዩ ሕዝቦችን የገዛበት ብልሃት

የኢየሩሳሌምን አሮጌ ከተማ ከብቦ የሚታየው ቅጥር ዛሬ ባለው መልኩ የተሠራው ከ1537 እስከ 1541 ባሉት ዓመታት ነው። ያሠራው ሱልጣን ሱለይማን መናገሻው ከዚያ በብዙ ቀናት መንገድ በምትርቀው በቁስጥንጥንያ፣ በዛሬዋ ኢስታንቡል ነበር። ይኸው ንጉሥ በአንድ የንግሥና ዘመን በመካከለኛው አውሮፓ ቡዳን፣ በጤግሮስ ዳር ባግዳድን፣ በዐባይ ዳር ካይሮን፣ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ደግሞ አልጀርስን በሥሩ አድርጎ ገዝቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ሰፊ ግዛት ውስጥ ቱርኮች፣ ዐረቦች፣ ግሪኮች፣ ሰርቦች፣ አርመኖች፣ ኩርዶች፣ አልባኖች፣ ቡልጋሮችና አይሁድ ይኖሩ ነበር። ሁሉም በየቋንቋቸው ይናገራሉ፤ በየእምነታቸው ይጸልያሉ። በዘመኑ ባቡር የለም፤ ቴሌግራፍም የለም። ከቤተ መንግሥት የወጣ ትእዛዝ ዳር አገር የሚደርሰው ከሳምንታት ጉዞ በኋላ ነው። የማዕከሉ ሠራዊት በአንድ ጊዜ በሁሉም ስፍራ ሊገኝ አይችልም። ሆኖም በ1300 ገደማ በሰሜን ምዕራብ አናቶሊያ እንደ ትንሽ የጠረፍ አገር የተነሣው የኦቶማን መንግሥት እስከ 1922 ድረስ ቆይቷል። እንዴት ሊሆን ቻለ?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ቃል ነው፤ ሰይፍ። በእርግጥም ያለ ሰይፍና ያለ መድፍ ይህ ግዛት አይገኝም ነበር። ነገር ግን ሰይፍ አገር ይይዛል እንጂ ብቻውን አገር አያቆይም። ከ15ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ታላላቅ መንግሥታት ብዙ ሕዝቦችን በአንድነት ማቆየት የቻሉት ከየአካባቢው ሰዎች ጋር ውል ስለ ገቡ ነው። ውሉ እኩል አልነበረም፤ ብዙ ግፍም ነበረበት። ቢሆንም በየስፍራው ከሥርዓቱ መቆየት የሚጠቀም የአገሬው ሰው እስካለ ድረስ መንግሥቱ ቆመ፤ ያ ሰው ሲጠፋ ደግሞ መንግሥቱ ተናወጠ።

አስቀድሞ ማስገበር፣ ቆይቶ መጠቅለል

ኦቶማኖች ያሸነፉትን አገር ሁሉ ወዲያውኑ አልጠቀለሉም። በመጀመሪያ የአገሩን መስፍን በቦታው ትተው ግብር እንዲከፍልና በዘመቻ ጊዜ ጦር እንዲያዋጣ ያደርጉታል። ሰርቢያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከ1389ኙ የኮሶቮ ጦርነት በኋላ የሰርብ መሳፍንት ገባር ሆኑ፤ በ1402 ሱልጣን ባየዚድ አንካራ አጠገብ ከቲሙር ጋር ሲዋጋ የሰርቢያው መስፍን ስቴፋን ላዛሬቪች ከጎኑ ተሰልፎ ነበር። አገሪቱ ሙሉ በሙሉ የተጠቀለለችው ግን በ1459፣ ማለትም ከ70 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የአገሬው መኳንንት የአዲሱን ጌታ መንገድ ለምደዋል፤ ጌታውም አገሩን አውቆታል።

አንዳንዶቹ አገሮች ጨርሶ አልተጠቀለሉም። የአድሪያቲክ ጠረፍ የንግድ ከተማ የሆነችው ራጉሳ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ በየዓመቱ 12,500 ዱካት ወርቅ እየገበረች የራሷን አስተዳደር ይዛ ኖራለች። በምሥራቅ አናቶሊያም ከ1514ቱ የቻልዲራን ጦርነት በኋላ ኢድሪስ ቢትሊሲ የተባለው ሊቅ በሱልጣን ሰሊም ስም ከኩርድ በዪዎች ጋር ተደራድሮ ብዙዎቹ ሹመታቸው በዘር እንዲተላለፍ ተፈቀደላቸው። በዪዎቹም በምላሹ ከፋርሱ የሳፋዊ መንግሥት ጋር በሚዋሰነው ጠረፍ ጠባቂ ሆኑ።

የግብፅ አያያዝ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። በነሐሴ 1516 ከሐለብ በስተሰሜን በምትገኘው መርጅ ዳቢቅ የኦቶማን ሠራዊት ከማምሉኮች ጋር ገጠመ። ኦቶማኖች መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው። ድሉን ያፈጠነው ሌላው ምክንያት ግን የሐለብ ገዥ የነበረው ማምሉኩ ኻይር በይ ከራሱ ሱልጣን ከድቶ ጦሩን ማሸሹ ነው። በጥር 1517 ካይሮ ስትያዝ የመጨረሻው የማምሉክ ሱልጣን ቱማን በይ ብዙ ሳይቆይ በከተማዋ በር ላይ ተሰቀለ። ለግብፅ ገዥ ሆኖ የተሾመው ግን ከኢስታንቡል የመጣ ቱርክ አልነበረም፤ ያው ኻይር በይ ነበር። እስከ ሞተበት እስከ 1522 ድረስም በሹመቱ ቆይቷል። የመካ ሸሪፍም ልጁን ወደ ካይሮ ልኮ ለሱልጣኑ ሲገብር የሸሪፎቹ ሥልጣን ጸናላቸው። ለሁለቱ ቅዱሳን ከተሞች የሚሄደው የግብፅ እህልና ከኢስታንቡል በየዓመቱ የሚላከው ስጦታም ይህንን ትስስር ያጠብቅ ነበር።

ደብተሩ

ድሉ ከተገኘ በኋላ ጸሐፊዎች ይመጣሉ። የኦቶማን መንግሥት በያዘው አገር ከመንደር መንደር እየተዘዋወሩ ግብር ከፋይ አባወራዎችን፣ የእህሉን ዓይነት፣ ወፍጮውን፣ የንብ ቀፎውን ሳይቀር የሚመዘግቡ ሹሞች ይልክ ነበር። መዝገቡ ደፍተር ይባላል፤ እኛ ደብተር ለምንለው ቃል ዘመድ ነው። በእነዚህ መዝገቦች አማካይነት ቤተ መንግሥቱ አይቶት የማያውቀው መንደር ምን ያህል ሊገብር እንደሚችል ለማወቅ ይሞክር ነበር።

ከተመዘገበው ግብር ብዙው ቲማር በሚባለው ሥርዓት ለፈረሰኛ ወታደሮች ይደለደል ነበር። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ጉልትን ቢያስብ ነገሩ ይቀርበዋል። ባለቲማሩ የመሬቱ ባለቤት አይደለም፤ ከመሬቱ ላይ የሚወጣውን ግብር የመቀበል መብት ያለው ሰው ነው። በምላሹ ከነፈረሱና ከነትጥቁ ይዘምታል፤ የአካባቢውን ጸጥታም ይጠብቃል። ገበሬው እርሻውን እያረሰ ይኖራል፤ ሊከፍል የሚገባውም በመዝገብ ሰፍሯል። በዚህ መንገድ መንግሥቱ በቂ ገንዘብና መጓጓዣ በሌለበት ዘመን ሠራዊቱን ከማዕከል ደመወዝ ሳይጭን በየአውራጃው አሰፈረ። በባልካን አገሮች መጀመሪያ ላይ ቲማር ከተሰጣቸው መካከል ሃይማኖታቸውን ያልቀየሩ ክርስቲያን ወታደሮችም ነበሩ።

ነባሩ ሕግም በአንድ ቀን አልተሻረም። በግብፅ በ1524 አሕመድ ፓሻ የተባለው ገዥ ሲያምፅ አመፁ ከከሸፈ በኋላ ታላቁ ቬዚር ኢብራሂም ፓሻ ወደ ካይሮ ሄደ፤ በ1525ም የአገሪቱ አስተዳደር የሚመራበትን ደንብ አወጣ። ደንቡ በብዙ ጉዳይ የቀድሞው የማምሉክ ሱልጣን የቃይትበይ ዘመን ልማድ እንዲጠበቅ ያዝዛል። በምሥራቅ አናቶሊያም ኡዙን ሐሰን የተባለው የቀድሞው ገዥ የደነገጋቸው የግብር ሕጎች ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ ቆይተዋል። ገበሬው አዲስ ጌታ ቢመጣበትም የሚከፍለውን ግብር አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ይህም ለአመፅ የሚያነሣሣውን አንድ ምክንያት ይቀንሳል።

የእምነት ማኅበራት

በ1453 ቁስጥንጥንያ በኃይል ስትያዝ ከተማዋ ተዘረፈች፤ ብዙ ሕዝቧ ተማረከ፤ ታላቁ የሐጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድ ሆነ። ሆኖም በቀጣዩ ዓመት ድል አድራጊው ዳግማዊ መሕመድ ጌናዲዮስ የተባለውን መነኩሴ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ፓትርያርክ አድርጎ ሾመ። ጌናዲዮስ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ጋር የሚደረገውን አንድነት አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነበር። ለሱልጣኑ ይህ ሹመት ሁለት ጥቅም ሰጠው። ኦርቶዶክሳውያኑ በእምነታቸው ተረጋጉ፤ ከምዕራብ አውሮፓ ጋር ሊያብሩ የሚችሉበትም በር ጠበበ።

ከ1492 በኋላ ከስፔን የተባረሩት አይሁድም በሱልጣን ዳግማዊ ባየዚድ ዘመን በኦቶማን ከተሞች ተቀባይነት አገኙ። ሐኪሞች፣ ነጋዴዎች፣ ሸማኔዎችና አታሚዎች መጡ። ብዙዎቹ የሰፈሩባት ተሰሎንቄ ለመቶ ዓመታት የአይሁድ ማኅበረሰብ ታላቅ ከተማ ሆና ኖረች። በየማኅበሩ ጋብቻና ውርስ በየራሱ የሃይማኖት ዳኛ ሊታይ ይችል ነበር፤ የማኅበሩ አለቆችም ግብር በመሰብሰብና ጸጥታ በማስከበር ለመንግሥቱ ተጠያቂ ነበሩ።

ይህን የዛሬው ዘመን ከሚናገረው የዜግነት እኩልነት ጋር ማምታታት ግን አይገባም። ሙስሊም ያልሆነ ወንድ ጂዝያ የተባለ ግብር ይከፍላል። በሙስሊም ላይ የሚሰጠው ምስክርነት በቃዲ ፊት በመርሕ ተቀባይነት የለውም። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ወይም ምኩራብ መሥራት የተገደበ ነበር፤ በአለባበስ ላይ የወጡ ክልከላዎችም ነበሩ። ሥርዓቱ ልዩነትን የፈቀደው እያንዳንዱ በየደረጃው እስከ ተቀመጠ ድረስ ነው።

አወቃቀሩን ማገር ከሌለው ጎጆ ጋር ማመሳሰል ይቻላል። ወራጆቹ ሁሉ ከመካከለኛው ምሰሶ ጋር ታስረዋል፤ ወራጅ ከወራጅ ጋር የሚያያይዘው ማገር ግን የለም። ግሪኩ ከሱልጣኑ ጋር የራሱ ውል አለው፤ አርመኑም፣ አይሁዳዊውም፣ የኩርዱ በይም እንዲሁ። እርስ በርሳቸው የሚያስተሳስራቸው የጋራ ውል ግን የላቸውም። ለገዥው ይህ ምቹ ነው፤ ሁሉም በአንድነት ሊነሡበት አይችሉምና። ምሰሶው ሲናወጥ ግን ቤቱን የሚይዝ ሌላ ነገር አይገኝም።

ከእናት ጉያ ወደ ቤተ መንግሥት

ሱልጣኖቹ በራሳቸው መኳንንት ላይም ሙሉ እምነት አልነበራቸውም። ርስትና ወገን ያለው ባላባት ነገ ተፎካካሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዴቭሺርሜ የተባለውን ሥርዓት ዘረጉ። ከባልካንና ከአናቶሊያ የክርስቲያን መንደሮች ወንዶች ልጆች እየተመለመሉ ይወሰዳሉ፤ እስልምናን እንዲቀበሉ ይደረጋል፤ ቱርክኛ ይማራሉ። ብዙዎቹ የኒቼሪ በተባለው እግረኛ ጦር ውስጥ ይገባሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ በቤተ መንግሥት ትምህርት ቤት አድገው እስከ ቬዚርነት ይደርሳሉ።

ከእነዚህ አንዱ በቦስኒያ ከቪሼግራድ አጠገብ የተወለደው ሶኮሉ መሕመድ ፓሻ ነው። ከ1565 እስከ 1579 ሦስት ሱልጣኖችን በታላቅ ቬዚርነት አገልግሏል። በተወለደበት አገር በድሪና ወንዝ ላይ ያሠራው የድንጋይ ድልድይ ዛሬም አለ። ድልድዩን የነደፈው ሲናንም ከቀይሰሪ አካባቢ ከክርስቲያን ቤተሰብ በዚሁ መንገድ የተወሰደ ልጅ ነበር። ሶኮሉ ገና ቬዚር ሳለ በ1557 የሰርብ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክ በፔች እንደገና ሲቋቋም በመንበሩ የተቀመጠው ማካሪዬ ሶኮሎቪች የሥጋ ዘመዱ ነበር። ከአንድ ቤተሰብ አንዱ የሱልጣኑ ቬዚር፣ ሌላው የክርስቲያኖች ፓትርያርክ ሆኑ ማለት ነው።

የእነዚህ ሰዎች ከፍታ ሲነገር ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው እናቶች መረሳት የለባቸውም። ልጁ ቬዚር የሆነለት ቤተሰብ እጅግ ጥቂት ነው። ልጆቻቸውን ለማስቀረት ገና በለጋ ዕድሜ የሚድሩና የሚደብቁ ወላጆች እንደነበሩ ይታወቃል። መንግሥቱን ያጸናው ብልሃት ለብዙ ጎጆ ልቅሶ ነበር።

ምጽዋ፦ እጅ ያጠረበት ዳርቻ

ይህ ታሪክ ወደ ቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻም ይደርሳል። በ1555 ኦቶማኖች የሐበሽ ክፍለ ሀገር የሚሉትን አስተዳደር መሠረቱ፤ ኃላፊነቱም ከማምሉክ ወገን ለሆነው ለኦዝደሚር ፓሻ ተሰጠ። በ1557 ምጽዋ ተያዘች። ከዚያም ሠራዊቱ ወደ ደጋው ወጥቶ ድባርዋ ላይ ምሽግ ሠራ። በዚያም የለመዱትን መንገድ ተከተሉ፤ የአገሬውን ሰው ፈለጉ። ባሕረ ነጋሽ ይስሐቅ ከኢትዮጵያ ነገሥታት ጋር በተጣላ ጊዜ ከእነርሱ ጋር ወገነ።

ሆኖም በ1570ዎቹ መጨረሻ ዐፄ ሠርፀ ድንግል የኦቶማንን ጦርና ባሕረ ነጋሹን ድል ነሣ፤ ይስሐቅም በጦርነቱ ሞተ። ኦቶማኖች ደጋውን መያዝ እንደማይችሉ ሲረዱ ወደ ጠረፉ ተመለሱ። በዚያም ቢሆን ደሴቲቱ ምጽዋ ውኃዋና ቀለቧ የሚመጣው ከየብሱ ስለሆነ ያለ አካባቢው ሰው ፈቃድ መኖር አይቻልም። ስለዚህ ሥልጣኑ ቀስ በቀስ ሕርጊጎ ላይ ለተቀመጠው ለበለው ቤተሰብ ተላለፈ። አለቃው ናኢብ ተባለ፤ ትርጉሙም እንደራሴ ማለት ነው። ናኢቡ ከወደቡ ቀረጥ ድርሻ ያገኛል፤ ወደ ደጋው የሚወጣውን ቅፍለት ይቆጣጠራል፤ ከደጋው ገዥዎችም ጋር እንደ ሁኔታው ይስማማል ወይም ይጣላል። በስሙ የሱልጣን እንደራሴ ቢሆንም በተግባር ግን የራሱ ሰው ነበር። ምጽዋ በ1860ዎቹ ለግብፅ እስክትሰጥ ድረስ የኦቶማን ስም በዚያ የቆየው በዚህ ዓይነት ስምምነት ነው።

የ1517 ድል ለኢትዮጵያ ሌላም ትርጉም ነበረው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚላከው ከእስክንድርያ መንበር ስለነበረ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጳጳስ የማስመጣቱ ጉዳይ በኦቶማን ግዛት ውስጥ የሚያልፍ ጉዳይ ሆነ።

አቤቱታ

በአገራችን ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ይባላል። በኦቶማን አገርም ሱልጣኑን የሚከስስ አልነበረም፤ ሹሙን ግን መክሰስ ይቻል ነበር። በየከተማው የተሾመው ቃዲ የሙስሊሙን ብቻ ሳይሆን ወደ እርሱ የመጣውን ክርስቲያንና አይሁዳዊ ጉዳይም ያያል። በችሎት መዝገቦች ውስጥ ስለ ውርስና ስለ ጥሎሽ መብታቸው የሚከራከሩ ሴቶች በብዛት ይገኛሉ። ከሕጉ በላይ ግብር የተጠየቀ መንደር እስከ ኢስታንቡል ድረስ አቤቱታ ሊልክ ይችላል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮም ለአቤቱታዎች የተለየ መዝገብ ይያዝ ነበር።

ሁሉም ፍትሕ አገኘ ማለት አይደለም። ነገር ግን የሩቁ ሱልጣን ፍትሕ አዋቂ፣ የቅርቡ ሹም ደግሞ በዳይ ተደርጎ መታየቱ ራሱ ለመንግሥቱ ኃይል ነበር። ቅሬታው በሹሙ ላይ ያርፋል፤ ዙፋኑ ይተርፋል። ቤተ መንግሥቱም በአቤቱታው አማካይነት ሩቅ ያሉ ሹሞቹ የሚሠሩትን ያውቃል።

ውሉ ሲፈርስ

ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሁኔታው ተለወጠ። ጦርነት ረዘመ፤ የጦር መሣሪያው ተለወጠ፤ ከባለቲማር ፈረሰኛ ይልቅ ደመወዝ የሚከፈለው ጠመንጃ ያዥ አስፈለገ። ለዚህ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ግብሩም ከበደ። ዘመቻ ሲያበቃ ያለ ደመወዝ የተበተኑ ታጣቂዎች አናቶሊያን አመሱ። የጀላሊ አመፅ በሚባለው በዚህ ዘመን እጅግ ብዙ ገበሬ መንደሩን ጥሎ ተሰደደ።

መንግሥቱም ፈጣን ገንዘብ ለማግኘት ግብር የመሰብሰብ መብትን ለባለሀብት በጨረታ መሸጥን አዘወተረ። በመጀመሪያ ለጥቂት ዓመታት፣ ከ1695 ጀምሮ ደግሞ እስከ ዕድሜ ልክ ይሸጥ ነበር። ለጥቂት ዓመታት የገዛ ሰው ያወጣውን ገንዘብ ከነትርፉ ለመመለስ ይቸኩላል፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንደሚባለው ነው። ዕድሜ ልክ የገዛው ደግሞ በአካባቢው ሥር ሰድዶ ራሱን የቻለ ገዥ ይሆናል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደማስቆን ደጋግመው የገዙት የዐዝም ቤተሰብ ሰዎች የዚህ ዘመን ታላላቅ የአካባቢ ቤተሰቦች ምሳሌ ናቸው። የፔች መንበረ ፓትርያርክም በ1766 ተሽሮ የሰርብ ምእመናን በኢስታንቡሉ ፓትርያርክ ሥር ሲደረጉ አንዱ የቆየ ውል ፈረሰ።

የመጨረሻው ምሳሌ ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። በ1790ዎቹ ሱልጣን ሣልሳዊ ሰሊም ለቤልግሬድ አውራጃ ሰርቦች በመንደር ሽማግሌዎቻቸው አማካይነት ግብራቸውን ራሳቸው እንዲሰበስቡ ፈቀደ። ከማዕከል ትእዛዝ ያፈነገጡ የየኒቼሪ አለቆች ግን በ1801 ገዥውን ገድለው አውራጃውን ያዙ፤ በ1804 መጀመሪያም የሰርቦቹን ሽማግሌዎች ሰብስበው ፈጁ። አመፅ ተነሣ። አማፅያኑ በመጀመሪያ የጠየቁት ሱልጣኑ እንዲወገድ አልነበረም፤ ሱልጣኑ የሰጠው ቃል እንዲከበርላቸው ነበር። ቃሉን የሚያስከብር ኃይል ከማዕከል ሲታጣ ግን ጥያቄው ወደ ነጻነት ተለወጠ። በገዥውና በሕዝቡ መካከል የቆሙትን ሰዎች የገደለ፣ መንግሥቱ የቆመበትን ድልድይ አፈረሰ።

ይህ መንገድ የኦቶማኖች ብቻ አልነበረም። በሕንድ የሙጋሉ ንጉሥ አክበር የራጅፑት መሳፍንትን በጋብቻና በሹመት አቀረበ፤ በ1564ም ጂዝያን አስቀረ። የልጅ ልጁ ልጅ አውራንግዜብ በ1679 ግብሩን መልሶ ጣለ፤ በዚያው ዘመንም ከራጅፑቶች ከፊሎቹ ጋር ጦርነት ገጠመ። ስፔን ደግሞ ሌላ መንገድ መርጣ ከ1609 እስከ 1614 ከሙስሊም ዘር የሆኑትን ሞሪስኮዎች በመቶ ሺሕዎች አባረረች፤ እንደ ቫሌንሲያ ባሉ አካባቢዎችም ብዙ የእርሻ መንደር ባዶ ቀረ።

እነዚህ መንግሥታት ልዩነትን የታገሡት ከርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ ልዩነቱን ማጥፋት ከአቅማቸው በላይ ስለ ነበረና ትዕግሥቱ ስለ ጠቀማቸው ነው። ጥቅም የወለደው ትዕግሥት ጥቅሙ ሲያልቅ ያልቃል። የኢየሩሳሌም ቅጥር ዛሬም ቆሟል፤ ያሠራው መንግሥት ግን ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ድንጋዩን የሚያቆየው ኖራ ነው፤ ሕዝቦችን አብሮ የሚያቆየው ደግሞ የተሰጠ ቃል ሲከበር ነው። ቃሉን የሚያከብር ሲታጣ ሰይፍም ደብተርም ቤቱን አላዳኑትም።